ደም ጠጪውን ያፈቀረችው ልጃገረድ፤ የ«ትዋይላይት» አንባብያን ክርክር

በኦክቶበር 5 ቀን 2005 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ትዋይላይት» የተባለ፣ ለወጣቶች የታሰበ ልብ ወለድ መጽሐፍ በአሜሪካ ታትሞ ለገበያ ቀረበ። ደራሲዪቱ ከዚያ በፊት አንድም መጽሐፍ ያላሳተሙ የሦስት ወንዶች ልጆች እናት፣ ወይዘሮ ስቴፈኒ ሜየር ነበሩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መጽሐፉ በእጁ የገባ ሰው ወይ ከልቡ ወዶት እንቅልፉን ትቶ ጨርሶታል፣ ወይም እየተቈጣ ክፉኛ ነቅፎታል፤ መካከለኛውን መንገድ ይዞ «ደኅና ነው» ብሎ ያለፈው አንባቢ ጥቂት ነው። እኔም ይህን የአንባብያን ክርክር ላስረዳ የተነሣሁት፣ በመጽሐፉ ሰበብ የተቀሰቀሰው ጥያቄ፣ ይኸውም ፍቅር የት ላይ አብቅቶ ግዞት የት ላይ ይጀምራል፣ ወጣት ልጅስ ይህን መለየት ከማን ትማራለች የሚለው፣ ልጅ የሚያሳድግ ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ጥያቄ መስሎ ስለ ታየኝ ነው።

የመጽሐፉ አመጣጥ ራሱ ተረት ይመስላል። በጁን 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ወይዘሮ ሜየር በአሪዞና በሚገኘው ቤታቸው ተኝተው ሳሉ፣ አንዲት ልጃገረድና አንድ መልከ መልካም ደም ጠጪ ወጣት በጫካ መካከል ባለች መስክ ላይ ሆነው፣ ወጣቱ እንደሚያፈቅራት፣ ነገር ግን የደሟ መዓዛ እየሳበው ሊገድላት እንደሚመኝ ሲነግራት በሕልማቸው አዩ። ከእንቅልፋቸው እንደ ነቁ ያዩት እንዳይረሳቸው ብለው ጻፉት፤ ያም ጽሑፍ ዛሬ የመጽሐፉ 13ኛ ምዕራፍ ሆኖ ይገኛል። ልጆቹ ሲተኙ እየጠበቁ በሦስት ወር ያህል ጊዜ ድርሰቱን ጨረሱና ለ15 የደራስያን ወኪሎች ደብዳቤ ላኩ፤ ዘጠኙ አንፈልግም አሉ፣ አምስቱ መልስ ሳይሰጡ ቀሩ፣ አንድ ቢሮ ብቻ ተቀበላቸው። ብዙ ሳይቈይም ሊትል ብራውን የተባለው አሳታሚ ድርጅት ለሦስት መጻሕፍት 750,000 ዶላር ሊከፍላቸው ተዋዋለ። እንግዲህ ከ15 ሰዎች 14ቱ ያላዩትን አንባብያን አይተውት ኖሮ፣ የአራተኛው ክፍል መጽሐፍ በኦገስት 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ልጃገረዶች ከነእናቶቻቸው በእኩለ ሌሊት በመጻሕፍት መደብሮች በር ተሰልፈው ጠብቀው በአንድ ቀን 1.3 ሚሊዮን ቅጂ ገዙት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቤላ ስዋን የተባለች የ17 ዓመት ልጃገረድ፣ እናቷ ሌላ ባል አግብታ ከእርሱ ጋር መዘዋወር ስላማራት፣ ፀሐይ ከማይለያት የፊኒክስ ከተማ ተነሥታ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ጥግ ወደምትገኘው ፎርክስ፣ የፖሊስ አዛዥ ወደ ሆነው አባቷ ትመጣለች። ፎርክስ በልብ ወለድ የተፈጠረች ከተማ አይደለችም፤ በግንድና በጣውላ ሥራ የኖረች፣ ሕዝቧ ከአራት ሺህ የማይበልጥ፣ በዓመት 3,000 ሚሊሜትር ያህል፣ ማለት አዲስ አበባ ከምታገኘው ከሁለት ዕጥፍ በላይ ዝናም የሚወርድባት እውነተኛ ከተማ ናት፤ ደራሲዪቱም የመረጧት ከፀሐይ ለሚሸሸጉ ፍጡራን የሚስማማ ዝናማም አገር ሲፈልጉ ስሟን አግኝተው እንጂ በዐይናቸው አይተዋት አልነበረም። በዚያ ትምህርት ቤት፣ በሥነ ሕይወት ክፍል፣ ከቤላ አጠገብ የሚቀመጠው ኤድዋርድ ከለን በ1901 ዓ.ም. የተወለደ፣ በ1918 ዓ.ም. እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው ወረርሽኝ በቺካጎ ሊሞት ሲያጣጥር አንድ ሐኪም ነክሶ ወደ ቫምፓየርነት፣ ማለት ወደ ደም ጠጪነት የለወጠው፣ ከዚያ ወዲህ ሳያረጅና ሳይሞት በ17 ዓመቱ ቀርቶ የሚኖር ጎልማሳ ነው። እርሱና አብረውት የሚኖሩት ቤተ ሰቦቹ የሰው ደም ላለመጠጣት ምለው፣ የዱር አራዊት ደም ብቻ እየጠጡ ይኖራሉ።

ደም ጠጪ ሙት የአውሮፓ ገበሬ የጥንት ፍርሃት ነው፤ በልብ ወለድ ስሙ የገነነው ግን በ1819 ዓ.ም. ሐኪሙ ጆን ፖሊዶሪ ባሳተመው አጭር ታሪክ ሲሆን፣ በ1872 ዓ.ም. የአየርላንዱ ሸሪደን ለፋኑ «ካርሚላ»ን፣ በ1897 ዓ.ም. ደግሞ ብራም ስቶከር «ድራኩላ»ን ጽፈው ሥር አስያዙት። በእነዚህ መጻሕፍት ቫምፓየሩ ከውጭ የሚመጣ ጠላት ነው፤ በስቶከር መጽሐፍ በመስቀል ይርቃል፣ ልቡን በእንጨት ወግተው ይገድሉታል። በ1976 ዓ.ም. አን ራይስ ቫምፓየሩ ራሱ አፉን ከፍቶ ኀዘኑንና ጸጸቱን እንዲናገር ባደረጉ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። ወይዘሮ ሜየር በዚህ ላይ የጨመሩት ተአቅቦን ነው። ኤድዋርድ የሚፈልጋትን ልጅ በመዳፉ ይዟት ሳለ አይነካትም፤ የሚያስጎመጀው ምግብ በፊቱ ቀርቦለት ሳለ የሚጾም ሰው የሚሰማውን ትግል የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህን ገጸ ባሕርይ ኀይል ማንም ሳያስረዳው ያገኘዋል። ደራሲዪቱ የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ በተለምዶ ሞርሞን የሚባለው እምነት ተከታይ ናቸው፤ ሁለቱ ፍቅረኞች ከጋብቻ በፊት በሩካቤ ሥጋ እንዳይተዋወቁ የሚጠብቀው ወንዱ መሆኑን ብዙዎች ከዚህ ጋር አያይዘው ተርጉመውታል። የመጽሐፉም ሽፋን ሁለት ነጫጭ እጆች ቀይ ፖም ይዘው ያሳያል፤ በመግቢያውም ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 17 የተጠቀሰው፣ መልካሙንና ክፉውን ከሚያስታውቀው ዛፍ እንዳይበሉ የተሰጠው ትእዛዝ ሰፍሮበታል። እኛ ዕፀ በለስ ብለን የተቀበልነውን የምዕራብ ሠዓልያን ፖም አድርገው ስለሚሥሉት፣ የሽፋኑ ምስጢር ለእኛ አገር አንባቢ ወዲያው ላይከሠትለት ይችል ይሆናል።

መጽሐፉን የሚወዱት ምን አገኙበት? ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገሩት ስለ ናፍቆት ነው። ቤላ ራሷን የማትወድ፣ በእግሯ ሄዳ የምትደናቀፍ፣ በክፍሏ ውስጥ ማንም አያየኝም ብላ የምታስብ ልጅ ናት፤ ታሪኩንም የምትነግረን እርሷው ናት። እንዲህ ያለችውን ልጅ በምድር ላይ እጅግ የተዋበው ወጣት ከሁሉ ለይቶ ሲያያት፣ ንግግሯን ሁሉ እንደ ቁም ነገር ሲያደምጥ፣ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት የሆናት አንባቢ ራሷ የታየች ያህል ይሰማታል። በሁለተኛው መጽሐፍ በ«ኒው ሙን» ኤድዋርድ ለደኅንነቷ ብሎ ትቷት ሲሄድ፣ ደራሲዪቱ ኀዘኗን በቃላት ከመግለጥ ይልቅ፣ አንባቢ ገጹን ሲገልጥ ኦክቶበር የሚል አንድ ቃል ብቻ፣ በሚቀጥለው ኖቬምበር፣ ቀጥሎም ዲሴምበርና ጃንዩወሪ እያለ የሚያልፍባቸው ባዶ ገጾች አኑረዋል። እኔ ይህን ስመለከት፣ ደራሲዪቱ መጻፍ አይችሉም የሚለውን ፍርድ ሳልመረምር ለመቀበል ተቸገርሁ፤ ሰው ከልቡ ያዘነበት ወራት ሲታሰብ ምንም የማይታወስበት ባዶ ዘመን ሆኖ የሚቀር መሆኑን በአራት ቃላት ያሳየ ሰው ስለ ልቡና ጠባይ አንድ ነገር ያውቃልና።

ደግሞም የሚወዱት ልጃገረዶች ብቻ አልነበሩም። ባለትዳር የሆኑ፣ ልጆች ያሳደጉ ሴቶች ከሴቶች ልጆቻቸው እጅ ወስደው አንብበውት፣ ለብዙ ዘመን የተዉትን የንባብ ልማድ እንደ መለሰላቸው መስክረዋል። አንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው የመራቸውም አሉ፤ ወይዘሮ ሜየር የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሲጽፉ የጄን ኦስተንን «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ»፣ ሁለተኛውን ሲጽፉ የሼክስፒርን «ሮሚዮና ጁልየት»፣ ሦስተኛውን «ኢክሊፕስ»ን ሲጽፉ ደግሞ ኤሚሊ ብሮንቴ በ1847 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ወዘሪንግ ሃይትስ» በልባቸው ይዘው ስለ ነበር፣ ቤላ የብሮንቴን መጽሐፍ ደጋግማ ስታነብ የተመለከቱት ወጣቶች እርሱንም ፈልገው ገዙት፤ አሳታሚዎችም ዕድሉን ሳያሳልፉ የብሮንቴን ድርሰት «ትዋይላይት»ን በሚመስል ጥቁር ሽፋን አሳትመው ሸጡት። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የ19ኛውን መቶ ዓመት ልብ ወለድ ማንም ሳያስገድዳት እንድታነብ ማድረግ ስንት መምህር ደክሞ ያልተሳካለት ሥራ እንደ ሆነ ያስተማረ ያውቀዋል።

የነቃፊዎቹ የመጀመሪያ ክስ ስለ ቋንቋው ነው። የኤድዋርድ ውበት በየገጹ ይነገራል፤ ቅጽሎቹ ይደጋገማሉ፤ የታሪኩ እኩሌታ እስኪያልፍ ድረስ ይህ ነው የሚባል አደጋ አይመጣም። ስመ ጥሩው ደራሲ ስቴፈን ኪንግ በ2009 ዓ.ም. ወይዘሮ ሜየርን ከ«ሃሪ ፖተር» ደራሲ ከጄ. ኬ. ሮውሊንግ ጋር አነጻጽረው፣ ሮውሊንግ ጽሑፍ የሚያውቁ ሲሆኑ ሜየር ግን አይችሉበትም ብለው በግልጥ ተናግረዋል፤ ይህም ንግግር በየቦታው ተጠቅሷል። በዚያው ጊዜ ግን ደራሲዪቱ ለአንድ ትውልድ ልጃገረዶች ፍቅርን ከሥጋ ፍትወት ጋር ሳያስፈራ የሚቀርቡበትን በር እንደ ከፈቱላቸው መናገራቸውን የሚጠቅስ ጥቂት ነው። የጥንቱ የቫምፓየር ታሪክ ወዳጆች ደግሞ ሌላ ቅሬታ አላቸው፤ ፀሐይ ያቃጥለው የነበረው ደም ጠጪ በሜየር መጽሐፍ ፀሐይ ሲያገኘው ገላው እንደ አልማዝ የሚያብለጨልጭ ሆኗልና፣ ፍርሃቱን የነጠቁት ቫምፓየር ቫምፓየር አይደለም ይላሉ። በእኔ ዘንድ ይህኛው ክስ ቀላል ነው፤ ፖሊዶሪም ከገበሬው ተረት ብዙ ለውጠዋል፣ ስቶከርም ከፖሊዶሪ።

ከባዱ ክስ ስለ ፍቅሩ ጠባይ የቀረበው ነው፤ በዚህ ላይ መቈየት ይገባል። ኤድዋርድ ቤላ ሳታውቅ በሌሊት ወደ መኝታ ክፍሏ እየገባ ስትተኛ ያያታል። የት እንደምትሄድና ከማን ጋር እንደምትነጋገር ይከታተላል። በ«ኢክሊፕስ» ውስጥ ወደ ወዳጇ ወደ ጄኮብ ብላክ ዘንድ እንዳትሄድ ከአሮጌ መኪናዋ ሞተር አንድ ዕቃ ነቅሎ መኪናዋ እንዳይነሣ ያደርጋል፤ እርሱ በሌለበት ቀንም እኅቱ አሊስ ቤላን በቤታቸው እንድታቈያት ቢጫ ፖርሽ መኪና መደለያ ይሰጣታል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለደኅንነቷ አስቦ መሆኑን መጽሐፉ ደጋግሞ ይነግረናል። በቤት ውስጥ ግፍ ስለሚደርስባቸው ሴቶች የሚሟገቱ መምህራንና ጸሐፍት ግን ልክ በዚህ ላይ ይቆማሉ፤ ሚስቱን ከዘመዶቿ የሚለይ፣ ስልኳንና መውጫ መግቢያዋን የሚቆጣጠር ባል ምክንያቱን ሲጠየቅ «ስለምወዳት ነው፣ ስለምሳሳላት ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ እንደማይሰጥ ያውቃሉና፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይህን ጠባይ የፍቅር ምልክት አድርጋ ብትማረው ወደ ፊት ሲደርስባት እንዴት ትለየዋለች ብለው ይጠይቃሉ።

የመጽሐፉ ጠበቆችም ዝም አላሉም። ቤላ ለመኪናው ነገር እሺ ብላ እንዳልተቀመጠች፣ በመጨረሻም ኤድዋርድ ስሕተቱን ተቀብሎ ወደ ጄኮብ ራሱ እንደ ሸኛት ያስታውሳሉ። ደራሲዪቱ በበኩላቸው የሴት ልጅ የነፃነቷ መሠረት ራሷ መምረጧ ነው፣ ቤላም የሄደችበትን መንገድ መርጣ ነው የሄደችው ብለው ተከራክረዋል። በ2015 ዓ.ም. የመጽሐፉ አሥረኛ ዓመት ሲከበር «ላይፍ ኤንድ ዴዝ» በተባለው መጽሐፍ ታሪኩን ገልብጠው፣ ሰው የሆነውን ገጸ ባሕርይ ወንድ፣ ቫምፓየሩን ሴት አድርገው ጻፉት፤ ዓላማቸውም ቤላ ሁልጊዜ የምትድነው ሴት ስለ ሆነች ሳይሆን በኀያላን መካከል የቆመች ደካማ ሰው ስለ ሆነች ነው የሚለውን ለማሳየት ነበር። ሐሳቡ ብልኀት አለው። ነገር ግን እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው በስውር መመልከትና መኪናን ማበላሸት አድራጊው ወንድ ቢሆን ሴት ነውርነቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ በእኔ ፍርድ በዚህ ክርክር ነቃፊዎቹ ረትተዋል። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ ልጃገረዶቹ መጽሐፉን ማንበብ የለባቸውም የሚለው ፍርድ አይከተልም፤ ክፉውን ከመልካሙ መለየት የሚለመደው ሁለቱም ተቀላቅለው በቀረቡበት ቦታ ላይ ነውና።

ከመደርደሪያ ይውረድልን ያሉ ወላጆች ግን በርግጥ ነበሩ። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሕዝብ አቤቱታ ያበዛባቸውን አሥር መጻሕፍት በየዓመቱ ሲገልጥ፣ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. የ«ትዋይላይት» ስም በዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። በአንድ ወገን ከዕድሜያቸው በላይ የሆነ ፍትወት አለበት፣ ሃይማኖታቸውን ያናጋል የሚሉ ሲከሱት፣ በሌላ ወገን ደግሞ ተአቅቦን አጥብቆ ይሰብካል፣ የአንድ ቤተ እምነትን ትምህርት በስውር ያስገባል የሚሉ ሲነቅፉት፣ ሁለቱም አንዱን መጽሐፍ ይዘው ነበር።

የአድናቂዎቹም ቤት አንድ ልብ አልነበረም። ጄኮብ ወደ ተኵላነት የሚለወጥ፣ ሙቅ ገላና ሳቂታ ፊት ያለው የሰፈር ልጅ ስለ ሆነ፣ «ቲም ኤድዋርድ» እና «ቲም ጄኮብ» ተባብለው በሁለት ተከፍለው፣ በየካናቴራቸው ላይ የመረጡትን ስም ጽፈው ይዞሩ ነበር። ጄኮብን የመረጡት ልጆች የሚሰጡት ምክንያት ለእኔ ደስ ያሰኘኛል፤ ከእርሱ ጋር ቤላ ትስቃለች፣ ሞተር ብስክሌት ትጠግናለች፣ አባቷንና ጓደኞቿን ሳትተው ትኖራለች ይላሉ። እንግዲህ ሊቃውንቱ ይታለላሉ ብለው የፈሩላቸው አንባብያን ከመካከላቸው ብዙዎቹ ነገሩን ራሳቸው አይተውት ነበር። አራተኛው መጽሐፍ «ብሬኪንግ ዶውን» በወጣ ጊዜ ግን ሁለቱም ወገኖች ደነገጡ። ቤላ አግብታ ፀንሳ፣ ፅንሱ አጥንቷን ሲሰብር ታይቶ፣ ከተወለደችውም ሕፃን ጋር ጄኮብ የማይፈታ የነፍስ ትስስር ሲያደርግ ሲነበብ፣ ያን ያህል በናፍቆት ከጠበቁት መካከል መጽሐፉን ለሻጩ እንመልስ የሚሉ ተነሡ። ሕፃን በተወለደች ቀን የወደፊት ወዳጇ ተወሰነላት የሚለው ሐሳብ፣ ምንም ያህል በተረት ቢለበጥ፣ ልብ የሚያስከፋ ነው፤ የተቈጡት አንባብያን ተገቢ ቍጣ ተቈጥተዋል እላለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ሊሰማ ሲገባው ጥቂት ሰው ብቻ የሰማው አስተያየት ግን፣ ጄኮብ በመጽሐፉ የወገናቸው ልጅ ሆኖ የቀረበው የክዊልዩት ሕዝብ አስተያየት ነው። ክዊልዩቶች ከፎርክስ በስተምዕራብ፣ ላፑሽ በምትባል የባሕር ዳር መንደር የሚኖሩ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናቸው። በራሳቸው ትውፊት የዘራቸው መነሻ ተኵላ ነው፤ ምድርን እየዞረ ፍጥረትን የሚለውጠው ኃያል ተኵላዎችን ወደ ሰው ለውጦ ሕዝብ አደረጋቸው ብለው ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። ወይዘሮ ሜየር ይህን ቅዱስ ታሪክ ወስደው፣ ወንዶቻቸው ሲቈጡ ተኵላ የሚሆኑ፣ ደረታቸው ራቁቱን የሚዞሩ፣ ኀይለኞችና ግልፍተኞች አድርገው፣ በአንጻሩም የነጩን ቫምፓየር ቤተ ሰብ ሀብታም፣ የተማረና ራሱን የሚገዛ አድርገው ሣሉ። እነዚህ ሰዎች በ1889 ዓ.ም. ለሆፕስ ለቀማ ወጥተው ሳለ አንድ ሰፋሪ 26 ቤቶቻቸውን ከነቅርሳቸው አቃጥሎባቸው የነበሩ ናቸው። የተሰጣቸውም መሬት አንድ ስኩዌር ማይል ያህል ብቻ ሆኖ፣ መንደራቸውና የልጆቻቸው ትምህርት ቤት በጎርፍና በሱናሚ አደጋ ላይ ተቀምጠው ኖረዋል። ስማቸው በየጌጣጌጡና በየልብሱ ላይ ሲቸበቸብ እነርሱ በአብዛኛው አልተማከሩም።

በሲያትል የሚገኘው በርክ ሙዚየም ከክዊልዩት ሕዝብ ጋር ተባብሮ፣ በልብ ወለዱና በእውነተኛው ታሪክ መካከል ያለውን ልዩነት ለአንባብያን የሚገልጥ ትምህርት አዘጋጅቷል። ሲያትል በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናትና፣ ልጆቻቸው ይህን መጽሐፍ ሲያነቡ የቅርብ ጎረቤቶቻቸውን ታሪክ እያነበቡ እንደ ሆነ ወላጆች ቢያውቁት መልካም ነው። የአሜሪካ ኮንግሬስ በ2012 ዓ.ም. መንደሪቱ ወደ ከፍታ ቦታ እንድትዛወር ከኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ መሬት ቈርሶ ለክዊልዩቶች እንዲሰጥ ሕግ አወጣ። ሕጉን ያስገኘው የሕዝቡ የብዙ ዘመን ትግል ነው እንጂ ልብ ወለዱ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። ካትሪን ሃርድዊክ በ2008 ዓ.ም. ያዘጋጁት የመጀመሪያው ፊልም 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ አምስቱ ፊልሞች አንድ ላይ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኙ። ታሪኩን ኤድዋርድ ራሱ የሚናገርበት «ሚድናይት ሰን» ጅምሩ በ2008 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ ወጥቶ ስለ ተሰራጨ ደራሲዪቱ አዝነው ትተውት ነበር፤ በኦገስት 2020 ዓ.ም. ግን አሳተሙት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ያህል ተሸጠ። ፎርክስም በየዓመቱ በሴፕቴምበር፣ በቤላ የልደት ቀን አካባቢ፣ ከሩቅ የሚመጡ እንግዶችን ተቀብላ በዓል ታከብራለች። ያኔ በአሥራ አራት ዓመታቸው ያነበቡት ዛሬ ሠላሳ ዓመት ተሻግረው እንደገና ሲያነቡት፣ ኤድዋርድን እንደ ድሮው እንደማያዩት፣ የአባቷ የፖሊስ አዛዡ ዝምተኛ ፍቅር ግን ያኔ ያላስተዋሉት ሆኖ እንዳገኙት ብዙዎች ይናገራሉ። ይህን ስሰማ ልቤ ይረካል፤ ቤላ ወደ ዝናሙ አገር በመጣች ሰሞን በረዶ በጣለ ሌሊት፣ አባቷ ቻርሊ ማልዶ ተነሥቶ አንድ ቃል ሳይነግራት በመኪናዋ ጎማዎች ላይ ሰንሰለት ያስራል፣ እርሷም ያን ስታይ እንባ ይተናነቃታል፤ ይህ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት የፍቅር ሥራዎች ሁሉ እጅግ የጠራው ነው።

ያን ጊዜ ልጃገረዶቹ የደረሰባቸው ፌዝ ግን ፍትሕ የጎደለው ነበር። ወንዶች ልጆች ስለ ኳስ ተጫዋች ሲጮኹ ስፖርት ወዳድ ተባሉ፤ ሴቶቹ ስለ መጽሐፍ ሲጮኹ ዕብዶች ተባሉ። መጽሐፉን ሳያነቡ የሳቁበት ሰዎች ከዚያ ፌዝ በቀር ለክርክሩ የጨመሩት ነገር የለም፤ አንብበው የተቈጡትም፣ አንብበው ያለቀሱትም ግን ለእኛ አንድ ነገር አስተምረውናል።

ስለዚህ ወላጅ ወይም መምህር የሆናችሁ አንባብያን ሆይ፣ ይህን መጽሐፍ ወይም መሰሉን በልጃችሁ እጅ ስታገኙት አትንጠቋት። ቻርሊ ሰንሰለቱን ያሰረበትን ቦታ፣ ቀጥሎም ኤድዋርድ የመኪናውን ሞተር ያበላሸበትን ቦታ አብራችሁ አንብቡና፣ ከሁለቱ ማን የበለጠ እንደ ወደዳት ልጃችሁን ጠይቋት፤ መልሷንም እስክትጨርስ ድረስ ሳታቋርጡ አድምጧት።